ከሙክት የረከሰ ፈረስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጋዜጣችሁን የማነበው ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጀመሪያ የጨረታውን ገጽ፣ ቀጥሎ ስፖርቱን፣ ፖለቲካውን ጊዜ ከተረፈኝ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች። «ሚሊየነር ይመስል ጨረታ ያነባል» ትላለች። ልማዱ የመጣው ከጋሪ ነጂነቴ ዘመን ነው። ያኔ ያገለገለ ጎማና ቁርጥራጭ ብረት የት እንደሚሸጥ ማወቅ ነበረብኝ። ዛሬ ቡሬ ላይ አንዲት ወፍጮ ቤት አለችኝ፣ ልማዱ ግን አልለቀቀኝም። ጉድ የሠራኝም እሱ ነው።

መጋቢት 2014 ዓ.ም የወፍጮ ቺንጋ ልገዛ ወደ አንዲት ጎረቤት ከተማ ሄድኩ። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ ሌሎቹም ያው ናቸው። ግድግዳ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፏል። «ባለቤታቸው ያልታወቀ 11 የጋማ ከብቶች በግልጽ ጨረታ ይሸጣሉ» ይላል። ሰዓቱን አየሁ። ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ቺንጋውን ረሳሁት።

ግቢው በባሕር ዛፍ አጣና የታጠረ ነው። ሣር የሚባል የለም። ፈረሶቹ መንገድ ላይ ሲባዝኑ ተይዘው፣ አንዳንዶቹ ወር ያህል እዚያ ቆይተዋል። ዳሌያቸው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ወንድና ሴቱ አንድ ላይ ነው የታጎረው። አንዱ ጎረምሳ ድንጉላ አንዲትን ግንባሯ ነጭ ቦራ ባዝራ ግራ ቀኝ ያሳድዳታል። ዘበኛውን «አባቴ፣ ለምን አትለዩዋቸውም?» አልኩት። «ተዋቸው፣ ሥራ ፈተው ነው» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በኋላ ያለቀስኩበት ሳቅ ነው።

አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። የቦራዋን ከንፈር ገልጬ አየሁ። ጥርሷ ትንንሽ፣ ነጭ፣ እንደ ሩዝ የተደረደረ ነው። የወተት ጥርስ ማለት ነው። ፈረስ ሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ የፊተኞቹን ሁለት ይነቅላል፣ ሦስት ተኩል ላይ ቀጣዮቹን፣ አራት ተኩል ላይ የዳር የዳሩን። እሷ አንድም አልነቀለችም። ጎኗን በእጄ ስዳብስ ጎድኖቿ እንደ ክራር ጅማት አንድ በአንድ ተቆጠሩልኝ።

ተጫራቹ አራት ነበር። ሁለት ጋሪ ነጂዎች፣ አንድ አሸዋ አመላላሽ፣ እኔ። መነሻው 800 ብር ነው። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። ዳማውን በ2,400 ወሰድኩ። ጥቁሩን በ2,100። ቦራዋን ማንም አልፈለጋትም፣ በ1,700 አሸከሙኝ። ጠቅላላ 6,200 ብር። ከወር በኋላ ለፋሲካ አንድ ሙክት የገዛሁት በ6,800 ነው። ሦስት ነፍስ፣ ከነጋማቸው፣ ከአንድ ሙክት ረከሱ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ አየችኝ። ከኋላዬ ሦስት ፈረስ፣ በእጄ ቺንጋ የለም። «አንተ ሰውዬ፣ ቺንጋው ይኼ ነው?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ለነገሩ ጅል አይደለሁም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጋሪ ነድቻለሁ። ባጃጅ ሲመጣ ተሳፋሪው ወደ ባጃጅ ሄደ፣ ለእኛ ጆንያና ብሎኬት ቀረልን። በመጨረሻ ጋሪዬን ሸጬ ከወንድሜ ጋር ወፍጮ ተከልን። ወፍጮ ካለ ጥራጊ ዱቄት አለ፣ ጥራጊ ካለ መኖ በነጻ ነው ብዬ አሰብኩ። ሦስቱን አብልቼ አወፍርና ዓመት ጠብቄ በደህና ዋጋ እሸጣለሁ አልኩ። ሒሳቡ ወረቀት ላይ ያምር ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ዳማው አመመው። ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። መጀመሪያ ወደ ጎኑ ዞር እያለ ሆዱን ያያል። ቀጥሎ በኋላ እግሩ ሆዱን ይመታል። ከዚያ ወደቀና ይንከባለል ጀመር። ላብ ከአንገቱ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ጎረቤቴ ሽማግሌው መጥተው «እንዳይንከባለል! አስነሥተህ አንሸራሽረው!» አሉ። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እኔና ልጄ በየተራ ልጓሙን ይዘን ግቢውን ዞርን። ኑግ ዘይት አጠጣነው። ወደ ንጋት ላይ ጉልበቱ ከዳው። ወድቆ አንዴ በረጅሙ ተነፈሰ፣ በቃ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያው ጠዋት መጣ። ወጣት ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ምን አበላኸው?» አለኝ። ጥራጊ ዱቄት ግማሽ ቁና አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ፈረስ እንደ ሰው አያስታውክም አለኝ። የበላው ዱቄት ሆዱ ውስጥ ቢቦካ፣ ቢነፋ፣ መውጫ የለውም። በዚያ ላይ ወር ሙሉ ተርቦ የከረመ አንጀት ነው። ቀስ በቀስ በድርቆሽና በገለባ መጀመር ነበረብኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈረስ የነዳሁ ሰውዬ ይህን ከሃያ አምስት ዓመት ልጅ ተማርኩ። ደግነቱ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቦራዋ ግን ወፈረች። ደስ አለኝ። በእንክብካቤ ነው አልኩ። የ2015ን ጥር 23 እንጅባራ ላይ አከበርኩ፤ የአገው ፈረሰኞች ቀን ነው። ሄዶ ያላየ ሰው ካለ አንድ ቀን ይሂድ። ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ነው። ቀኑም የጊዮርጊስ ነውና ፈረሰኛው ሁሉ ለባለ ፈረሱ ቅዱስ ወጥቶ ሜዳው ይሞላል። ባለ ቀይ ግላሱ፣ ባለ ጉትዬው፣ ሽምጥ ሲጋልብ መሬቱ ከእግርህ በታች ይንቀጠቀጣል። ደረቴን ነፍቼ ነው የተመለስኩት። በማግስቱ ጠዋት በረት ውስጥ ቦራዋ ከጎኗ አንድ እርጥብ ነገር አቁማ ትልሰዋለች። እግሩ ከገላው ይበልጣል። እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል።

በጣቴ ቆጠርኩ። ባዝራ የምታረግዘው 11 ወር ከጥቂት ቀን ነው። ከጥር 24 ወደ ኋላ ሲቆጠር የካቲት 20 አካባቢ ያርፋል። እኔ የገዛኋት መጋቢት 12 ነው። ያ ሥራ ፈት የተባለ ድንጉላ፣ በዚያ አጥር ውስጥ፣ በመንግሥት ጥበቃ ሥር ነው ያስረገዛት። የወተት ጥርሷን ያልነቀለች ልጅ! ስታጠባ ዳግመኛ አጥንቷ ወጣ። እስከ ዛሬ ወገቧ አልቀናም። ልጆቼ ውርንጭላውን «ጨረታ» ብለው ሰየሙት። ስሙ ጸና።

እንግዲህ አስቡት። ከተማው የባዘኑ ፈረሶች በዙብኝ ብሎ ሰበሰበ። አንድ ላይ አጎረ። አራብቶ ሸጠ። እኔም ገንዘብ ከፍዬ ገዛሁ። በዚያ ጨረታ ከተሸጡት ባዝሮች ስንቷ እንዲህ ሆና እንደወጣች እግዜር ይወቀው።

የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ በወፍጮ ቤቱ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። ገለባ፣ ድርቆሽ፣ ገብስ፣ አሞሌ፣ የትል መድኃኒት፣ የእረኛው ልጅ ደመወዝ። 31,400 ብር። ርካሽ ፈረስ የሚባል የለም። ርካሹ መግዣው ብቻ ነው።

ጥቁሩን ሦስት ጊዜ ገበያ አወጣሁት። ከ1,500 በላይ የጠራ የለም። አንድ ጋሪ ነጂ «በ1,300 ስጠኝ፣ ነገ ጋሪ እጠምደዋለሁ» አለኝ። ሁለት ዓመቱ ነው አልኩት። «ታዲያ ምናለ? ሲሰበር ሌላ እገዛለሁ» አለ። ልቆጣው ብዬ አፌን ያዝኩ። እኔስ በዚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምን ሳደርግ ነበር? የሁለት ዓመት ልጅ ጠምጄ ስድስት ኩንታል ጭኛለሁ። የፈረስ ጉልበት ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላው አይጠነክርም፣ የወገቡ አጥንት እስከ አምስት ዓመቱ ያድጋል። በአራት ዓመቱ እያነከሰ ሲመጣ «እርኩስ ፈረስ ነበር» ብዬ ለቅቄዋለሁ። ለቅቄዋለሁ ስል የት እንደሆነ የምታውቁት ታውቃላችሁ። ከከተማ ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱ ዳር።

የዛሬውም ጣጣ ይኸው ነው። ከዳንግላ በኮሶበር፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም አድርጎ እስከ ደብረ ማርቆስ የሚወስደውን መንገድ በምሽት የሄደ ያውቀዋል። ፈረሶቹ የአስፋልቱን ሙቀት ፈልገው መሐል ላይ ይቆማሉ። የጭነት መኪና ሲመጣ መብራቱ ያፈዛቸዋል። ጀርባቸው የቆሰለ፣ ዓይናቸው የጠፋ፣ አንዳንዱ ደግሞ ምንም ያልሆነ፣ ገና ያልተገራ ልጅ። የፈረስ ሞት ለውሻ ሠርጉ ይባላል። በእኛ መንገድ ዳር ሠርጉ አያባራም፣ ጅቡም ታዳሚ ነው።

ከየት ነው ይህ ሁሉ የሚመጣው? ሰው ባጃጁን ይወቅሳል። ባጃጅ ፈረስ አይወልድም። ፈላጊውን ቀነሰ እንጂ ወላጁን አልቀነሰም። ባዝራ ከወለደች በዘጠነኛው ቀን ገደማ እንደገና ትፈልጋለች። ካልያዘች በየሦስት ሳምንቱ ትመለሳለች። ዓመት ዓመት ልትወልድ ትችላለች ማለት ነው፣ ዕድሜዋም ከሃያ ያልፋል። ድንጉላው ደግሞ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይጀምራል። አንድ ድንጉላ የወል ግጦሽ ላይ ከተለቀቀ የመንደሩን ባዝራ በሙሉ ያዳርሳል። ማንም «ይህቺ ባዝራ ትውለድ፣ ያቺ ትረፍ» ብሎ የወሰነ የለም። ዝም ብሎ ሆነ።

ድሮ ውርንጭላው የሚሄድበት ነበረው። በባንጃ በኩል በፈረስ ያርሳሉ፣ ዛሬም። ለጋሪ፣ ለጭነት፣ ለሙሽራ፣ ለለቅሶ፣ ለጉግስ። ግጦሹም ሰፊ ነበር። አሁን በፋግታ ለኮማ በኩል የሄደ ሰው የሚያየው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ነው። ሜዳ የነበረው፣ እርሻ የነበረው፣ ዳገቱ ሁሉ። ገበሬው ዛፉን ይተክላል፣ ከሰል አክስሎ ይሸጣል፣ ገንዘብ ያገኛል። አልፈርድበትም፣ እኔም መሬት ቢኖረኝ እተክል ነበር። ግን ሜዳው ሲጠብ ባዝራዋ መውለዷን አላቆመችም። ሜዳ ያጣው ውርንጭላ ወደ ከተማ ይወርዳል፣ ከቆሻሻ መጣያ ላይ ፌስታል ያላምጣል። ከዚያ ይያዛል። ከዚያ ጨረታ።

ሲያትል የሚኖር የእህቴ ልጅ አለ። በስልክ ይህን ሳወራው «አጎቴ፣ እዚህም ያው ነው» አለኝ። አላመንኩትም ነበር። በአሜሪካ የመንግሥት መሬት ላይ የሚኖሩ የዱር ፈረሶች አሉ። መንግሥት እየሰበሰበ ያልተገራውን ከ125 ዶላር ጀምሮ ለሚያሳድግ ሰው ይሰጣል። ለሩጫ ተራብቶ ያልፈጠነውም ጨረታ ላይ በርካሽ ይሄዳል። እነሱ ግን አንድ መውጫ አላቸው። በእነሱ አቆጣጠር በ2007 የመጨረሻዎቹ የፈረስ ቄራዎቻቸው ከተዘጉ በኋላ በጭነት መኪና ወደ ሜክሲኮና ወደ ካናዳ ይነዳሉ፣ እዚያ ይታረዳሉ።

እኛ ያ መውጫ የለንም። ይኑረን እያልኩም አይደለም። በ2009 ዓ.ም ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ሕዝቡ ሲጮህ መዘጋቱን ታስታውሳላችሁ። እኔም ከጮሁት ነኝ። የፈረስ ሥጋ አንበላም፣ እንዲበላም አንፈቅድም፣ ጥሩ። እንግዲያው የምናስወልደውን እያንዳንዱን ነፍስ እስኪሞት ድረስ ልናበላው ነው ማለት ነው። ሃያ ዓመት! አንዱን አልፈልግም፣ ሌላውንም አልፈልግም ማለት ፈረሱን ለአስፋልት መስጠት ነው።

ለከተማ አስተዳደሮች የምለው ትንሽ ነው። የሰበሰባችሁትን ወንድ ፈረስ ሳታኮላሹ አትሽጡ። አጥሩን ለሁለት ክፈሉት፤ አሥር አጣና ይበቃል። የማኮላሺያውን ዋጋ መነሻው ላይ ጨምሩበት፣ እኔ በ800 የጀመረውን በ1,500 ቢጀምር እከፍላለሁ። መክፈል የማይችል ደግሞ ማብላትም አይችልምና ባይገዛ ይሻላል።

ለባለ ባዝሮች የምለው ይከብዳል፣ ምክንያቱም የሚዋጋኝ ኩራት ነው። እኛ ጋ ሰንጋ፣ ማለት የተኮላሸ፣ ፈረስ ያለው ሰው ግማሽ ፈረስ እንዳለው ይቆጠራል። ለጉግስ፣ ለሽምጥ፣ ለስም፣ ድንጉላ ነው። አባቶቻችን በፈረሳቸው ስም ነው የተጠሩት። አጤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ የእኛው በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር። ይህን ክብር ማን ይጠላል? ግን እነዚያ ፈረሶች የተመረጡ ነበሩ። ስም የወጣላቸው ስም የሚገባቸው ስለሆነ ነው። የመንደሩን ግጦሽ የሞላው ሁሉ ድንጉላ አባ ምንትስ ሊባል ነው? ጥሩው ይቆይ፣ ይውለድ፣ ይከበር። የቀረው ይኮላሽ። ሰንጋ ቢሆን ለጋሪም ለኮርቻም የተረጋጋ ነው፣ አጥር አይሰብርም፣ አይነክስም። ይህን በጋሪ ላይ ያየሁት ነው።

ማስወለድ የግድ ነው ለሚል ሰው ደግሞ በቅሎ ያስወልድ። በቅሎዋን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል፤ በአባቷ በአህያው አፍራ ነው። ገበያው ግን አያፍርባትም። ደህና በቅሎ የሚሸጥበትን ዋጋ የጠየቀ ያውቃል። ከሁሉ በላይ በቅሎ አትራባም፣ እዚያው ላይ ያቆማል። ችግሩ ድንጉላ አህያ ሁሉ ባዝራ አይቀርብም። ከውርንጭላነቱ ከባዝራ ጋር ያደገ መሆን አለበት። የእኛ አህያ አጭር ስለሆነም ባዝራዋን ጎድጎድ ያለ ቦታ ማቆም ያስፈልጋል። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ዕውቀትም። የሚያውቁ ሽማግሌዎች ገና አሉ።

ጥቁሩ አሁን አምስት ዓመቱ ነው። እስከ አራት ዓመቱ አልነካሁትም። ዛሬ ከወፍጮ ቤት እስከ ገበያ የደንበኞችን ዱቄት ያመላልሳል፣ በስተርጅና ጋሪ ነጂ ሆንኩ እላችኋለሁ። ቦራዋን አልሸጥኳትም። አጥር አጥሬላታለሁ፣ ሁለተኛ አልወለደችም።

ጨረታን ባለፈው የካቲት፣ ዝንብ ሳይበዛ፣ አስኮላሸሁት። ያው ወጣት ባለሙያ ነው የመጣው። ማደንዘዣ ወጋው፣ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ቁስሉ እንዳያብጥ ብሎ በማግስቱ ጀምሬ እንዳንሸራሽረው አዘዘኝ። ልጓሙን ይዤ በመንደሩ ሳልፍ ያ የዳማው ሌሊት አብረውኝ ያመሹት ሽማግሌ በር ላይ ተቀምጠዋል። ከላይ እስከ ታች አዩት። የደረቱን ስፋት፣ የአንገቱን ቁመት። «ለጉግስ የሚሆን ፈረስ አጠፋህ» አሉኝ። ሦስት ቀን ሰላምታ ነፈጉኝ። በአራተኛው ቀን ግማሽ ኩንታል ገብስ ሊያስፈጩ መጡ። ተፈጭቶ ሲያልቅ «የሚያደርስልኝ አለ?» አሉ። ጥቁሩን ጠመድኩላቸው።

አክባሪያችሁ
ከቡሬ፣ ጎጃም
መጋቢት 2017 ዓ.ም